ዋይልድ ዊዝል፦ ኮክፒት ውስጥ የተረሳው የኮብራ አብራሪ - ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ስለ አንድ አሻንጉሊት ብቻ ነው፦ በ1984 ከራትለር ጀት ጋር ስለወጣው ቀይ ለባሽ አብራሪ። ስለ ማንነቱ፣ ሲገዛ መታየት ስላለበት ነገር፣ ስለ ጥገናውና ስለ አቀማመጡ ደጋግመው የሚነሱትን ጥያቄዎች ሰብስበናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋይልድ ዊዝል ማን ነው?

ሃዝብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጂ አይ ጆ ስም ካወጣቸው ወታደራዊ አሻንጉሊቶች አንዱ ነው። ጂ አይ ጆ በ1964 ሲጀመር ቁመቱ 12 ኢንች የሆነ ትልቅ አሻንጉሊት ነበር። በ1982 ግን በ3¾ ኢንች፣ ማለትም 9.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቁመት እንደ አዲስ ተጀመረ፤ በዚያው ጊዜ ባላጋራም ተፈጠረለት። ባላጋራው ዓለምን ለመግዛት የሚያሴረው ኮብራ የሚባል ድርጅት ነው። ዋይልድ ዊዝል የኮብራ ሰው ነው፤ ሥራው ራትለር የተባለውን የምድር ጥቃት ጀት ማብረር ነው።

ከራስ ቁሩ እስከ ሱሪው ቀይ ነው። ፊቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፍኗል። የራስ ቁሩ ከጭንቅላቱ ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ ስለሆነ አይወልቅም፤ ለማውለቅ አይሞክሩ።

ታዲያ ለምን ተረሳ?

መጀመሪያ የወጣበትን ዓመት እንመልከት። 1984 ለኮብራ ወገን የጥጋብ ዓመት ነበር። ነጭ ለባሹ ኒንጃ ስቶርም ሻዶ፣ ግራጫ ለባሹ ፈንጂ አጥማጅ ፋየርፍላይ፣ የኮብራዋ ሴት ባሮነስ፣ ፀሐይ ሲነካው ቀለሙ የሚለወጠው ዛርታን፣ ሁሉም በዚያው ዓመት ነው የወጡት። ዛሬ ሰብሳቢዎች ስለ ጂ አይ ጆ ክፉዎች ሲያወሩ አፋቸው ላይ የሚመጣው የእነዚህ ስም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት አሸጣጡ ነው። ስቶርም ሻዶና ፋየርፍላይ ካርድ ላይ ተለጥፈው፣ መሣሪያቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ለገዢ አሳይተው በሱቅ መስቀያ ላይ ተሰቅለዋል። ዋይልድ ዊዝል ግን ትልቅ ሳጥን ውስጥ ከጀቱ ጋር ነው የመጣው። ልጁ የለመነው ጀቱን ነው፤ ወላጅም የከፈለው ለጀቱ ነው፤ አብራሪው እንደ ምርቃት ታየ።

ሦስተኛው ደግሞ የመቀመጫው ነገር ነው። ኮክፒት፣ ማለትም የአብራሪው ክፍል ውስጥ ከገባና መስኮቱ ከተዘጋበት በኋላ ከራስ ቁሩና ከትከሻው በቀር አይታይም። አርባ ዓመት ሙሉ የራትለር ፎቶ ሲነሳ እሱ ከመስታወት በስተ ጀርባ ያለ ቀይ ነጥብ ሆኖ ቀረ። አውጥቶ እጅ ላይ ይዞ ያየው ሰው ጥቂት ነው። እኛ አጥብቀን የምንናገረውም እዚህ ላይ ነው፦ ይህ ፊገር (ሰብሳቢዎች እንዲህ ያለውን ትንሽ የሰው አሻንጉሊት የሚጠሩበት ስም ነው) ከመሞገሱ በፊት መታየት አለበት።

ስሙ ከየት መጣ?

ከእውነተኛ የአየር ኃይል ታሪክ። ዊዝል ማለት ሙጭልጭላ ነው፤ ሰውነቱ ቀጭን ሆኖ ያደነውን እንስሳ እስከ ጉድጓዱ ድረስ ገብቶ የሚያወጣ ትንሽ አውሬ። በቬትናም ጦርነት የሰሜን ቬትናም ፀረ አውሮፕላን ሚሳኤሎች የአሜሪካን ጀቶች መጣል ሲጀምሩ፣ አየር ኃይሉ በ1965 ሚሳኤሉን ከነራዳሩ ፈልገው የሚመቱ ጀቶችና ሠራተኞች አዘጋጀ። የሥራው ስም ዋይልድ ዊዝል ተባለ። አብራሪው ራሱን ለራዳሩ ያጋልጣል፣ ራዳሩ ሲበራበት ምንጩን ያገኛል፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። መጀመሪያ የተጠቀሙት ሁለት ሰው የሚይዘውን ኤፍ-100ኤፍ ነው፤ የመጀመሪያውን የሚሳኤል ጣቢያ የመቱት በዲሴምበር 22 ቀን 1965 ነበር።

የአሻንጉሊቱ ሥራ ከስሙ ጋር በትክክል አይገጥምም። ራትለር የተቀረጸው ኤ-10 የሚባለውን የአሜሪካ ጀት መነሻ አድርጎ ነው፤ ኤ-10 ደግሞ ታንክና ምሽግ የሚመታ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር፣ ለእግረኛ ጦር ቅርብ ድጋፍ የሚሰጥ ነው እንጂ ራዳር አዳኝ አይደለም። ስሙን የሰጡት ለድፍረቱ ነው ብሎ መውሰድ ይሻላል።

ፋይል ካርዱ ላይ ምን ተጽፎለታል?

ጂ አይ ጆ ውስጥ እያንዳንዱ ፊገር የራሱ የሕይወት መዝገብ ነበረው። ካርድ ላይ ለተለጠፉት ከካርዱ ጀርባ፣ ከተሽከርካሪ ጋር ለመጡት ደግሞ ከሳጥኑ ላይ ተቆርጦ የሚወጣ ነው። አብዛኞቹን የጻፈው በማርቭል የሚታተመውን የጂ አይ ጆ ኮሚክም (በሥዕል የሚተረክ መጽሔት) ይጽፍ የነበረው ላሪ ሃማ ነው።

በካርዱ መሠረት ዋይልድ ዊዝል ኮብራን ከመቀላቀሉ በፊት በደቡብ አሜሪካና በአፍሪካ የጫካ ጦርነቶች ውስጥ የቅርብ ድጋፍ በረራ ሲያደርግ የነበረ ሰው ነው። ዝቅ ብሎ ሲተኩስ አፉ ላይ ቆስሏል፤ ከዚያ ወዲህ ሲናገር "ስ" የምትለዋ ድምፅ ትረዝምበታለች፣ እንደ እባብ ፉጨት ትወጣለች።

ይህች ነጥብ ቆም ተብሎ ሊታሰብባት ይገባል። ድርጅቱ ኮብራ፣ ጀቱ ራትለር፣ ሁሉም የእባብ ስም ነው። ከዚህ ሁሉ መካከል እንደ እባብ የሚያፏጨው አንድ ሰው ደግሞ ማስመሰል ፈልጎ ሳይሆን በሥራው ላይ በደረሰበት ቁስል ነው። በአንዲት ትንሽ ካርድ ላይ ያለፈ ታሪክ፣ ሙያ፣ ጉዳትና ድምፅ አገኘ። መሣሪያ የተንጋጋላቸው ብዙ ፊገሮች ይህን ያህል አልተሰጣቸውም።

የአፍሪካ ጦርነት ሲባል የትኛው ነው?

ካርዱ አገር አይጠራም። ዘመኑ ግን ይታወቃል፦ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በኮንጎም በቢያፍራም በአንጎላም በደመወዝ የሚዋጉ ነጭ ቅጥረኞች የነበሩበት ጊዜ ነው፤ ካርዱን ያነበበ አሜሪካዊ ወላጅ ከዜና የሚያውቀው ነገር ነበር። አፍሪካዊ አንባቢ ይህችን ሐረግ እንደ ማስዋቢያ ሊያልፋት አይችልም። ይህን ሰው ከኮብራ ጭንብል ለባሾች ይልቅ አስፈሪ የሚያደርገውም ይህ ነው፤ እንዲህ ያሉ ሰዎች በእውን ነበሩ።

በኮሚኩ ውስጥ ድርሻ ነበረው?

ነበረው፤ ጥሩ ድርሻ። በ1985 የወጣው የማርቭል ጂ አይ ጆ ቁጥር 34 ዋናው ጉዳዩ የእሱ የአየር ላይ ፍልሚያ ነው። በአንድ በኩል ኤስ የተባለው የጂ አይ ጆ አብራሪ ስካይስትራይከር የሚባለውን ጀቱን ይዞ ከኋላው የጂ አይ ጆዋን ሌዲ ጄይን አስቀምጧል፤ በሌላ በኩል ዋይልድ ዊዝል በራትለሩ ባሮነስን ይዟል። ሁለቱ ባለሙያዎች ይፋለማሉ፣ ማንም ማንንም ሳይጥል በመከባበር ይለያያሉ። ዓለምን ስለ መግዛት የሚጮህ የለም፤ ሁለት ሰዎች ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ነው የሚታየው። ስለ ዋይልድ ዊዝል አንድ ነገር ብቻ ማንበብ ለሚፈልግ ይህ ቁጥር ይበቃዋል።

ያገኘሁት ፊገር መሣሪያ የለውም። ጠፍቶበት ነው?

አልጠፋበትም። ሲሸጥም ሽጉጥ፣ ቦርሳ፣ ተነቃይ ኮፍያ አልነበረውም። የ1984ቱ ዋይልድ ዊዝል ፊገሩ ብቻ ካለ ሙሉ ነው። አንዳንድ ሻጭ የሌላ ፊገር ጠመንጃ ጨምሮ "ሙሉ ከነመሣሪያው" ብሎ ዋጋ ሊያስወድድ ይችላል፤ ለዚያ ጠመንጃ ምንም አይክፈሉ።

መሣሪያ አለመኖሩ አንድ ጥቅም አለው። በዚህ ዘመን ፊገሮች ላይ ቶሎ የሚሰበረው አውራ ጣት ነው፤ የሚሰበረውም ከጣቱ የጠነከረ የጠመንጃ እጀታ በግድ ሲሰካበት ነው። ዋይልድ ዊዝል የሚሰካበት ነገር አብሮት ስላልመጣ ጣቶቹ ደህና ሆነው የመገኘት ዕድላቸው ሰፊ ነው። ቢሆንም ሳያዩ አይመኑ።

የ1984ቱ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አሠራሩን ይመልከቱ። በዚያ ዘመን የነበሩት ፊገሮች ጀርባቸው መሐል አንድ ብሎን አላቸው፤ ወገባቸው ከደረታቸው የተያያዘው በውስጥ ባለ የጎማ ቀለበት ነው። ከ1983 ጀምሮ ክንዱ ከክርኑ በላይ ዙሪያውን ይሽከረከራል፤ የ1982ቶቹ ይህ አልነበራቸውም። አንገቱ ግን ወደ ግራና ቀኝ ብቻ ነው የሚዞረው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያይ አንገት የመጣው በ1985 ነው። ስለዚህ ክንዱ የሚሽከረከር፣ አንገቱ ግን ቀና የማይል ከሆነ ዘመኑ ይገጥማል። የዓመተ ምሕረት ማኅተም በኋላ በኩል ወገቡ አካባቢ በትንንሽ ፊደል ተቀርጿል፤ በስልክ መብራት ከጎን ሲያበሩበት ይነበባል። በኋለኞቹ ዓመታት ሃዝብሮ በአዲስ ቅርጽ ደግሞ አውጥቶታል፤ ጀርባው ላይ ብሎን የሌለው ከሆነ የ1984ቱ አይደለም።

ስገዛ ምን ምን ፎቶ ልጠይቅ?

የፊትና የጀርባ ፎቶ ብቻ አይበቃም። ሁለቱን እጆች በቅርበት፣ ወገቡንና የእግሮቹን መገናኛ ከፊት፣ ክርኖቹን ከጎን፣ እንዲሁም ተቀምጦ ከጎን የተነሳ ፎቶ ይጠይቁ። የመጨረሻው ለጎማው ነው፦ ጎማው ደህና ከሆነ ደረቱ ወገቡ ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፤ ከላላ በመካከላቸው ክፍተት ይታያል፣ ፊገሩም እንደ ሰከረ ይንጋደዳል። የላላ ጎማ ላለመግዛት ምክንያት አይሆንም፤ ርካሽ ነው፣ ይቀየራል። የተሰበረ ወገብ ግን ሌላ ነገር ነው።

ክርኑ ላይ በሪቬቱ (መገጣጠሚያውን በያዘችው ትንሽ ብረት) ዙሪያ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካለች ዛሬ ባይሰበርም ነገ ክንዱ ሲታጠፍ ይከፈላል። ቀለሙን በተመለከተ መጀመሪያ የሚላጠው ወጣ ወጣ ያለው ቦታ ነው፦ የራስ ቁሩ ጫፍ፣ ደረቱ ላይ ያሉ ማሰሪያዎች፣ ቀበቶው፣ ጉልበቱ። ራትለር ውስጥ ደጋግሞ ሲገባና ሲወጣ የኖረ ፊገር ትከሻውና የራስ ቁሩ አናት የኮክፒቱን ጠርዝ ሲፈጉ ስለኖሩ እዚያ ላይ ያብረቀርቃሉ።

አንድ ተጨማሪ ነገር፦ ሁሉም የአካል ክፍል አንድ ዓይነት ቀይ መሆኑን በቀን ብርሃን በተነሳ ፎቶ ያመሳክሩ። እነዚህ ፊገሮች በአንዲት ብሎን ስለሚፈቱ፣ ከሁለት የተጎዱ ዋይልድ ዊዝሎች አንድ ደህና መሥራት ቀላል ነው። ይህ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን አንዱ እግር ፀሐይ የበላው ሌላው ያልደበዘዘ ከሆነ ዋጋው መቀነስ አለበት።

ወገቡ ላልቷል። ጎማውን እንዴት ልቀይር?

ይህ ለማንኛውም የዚያ ዘመን ፊገር ያው ነው፤ አንዴ ከተማሩት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የሚያስፈልገው ጫፉ መስቀል የሆነ ትንሽ ካቻቪቴ፣ ወረንጦ፣ ነጭ ፎጣና አዲስ ጎማ ነው። ጎማው እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ኦ-ሪንግ የሚሉት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ሄደው ጎሚኒ ቢሉ የሚያወጡልዎት ዓይነት። መጠኑን በግምት አይውሰዱ። አሮጌው ካልተበጠሰ ይዘውት ይሂዱ፤ ከተበጠሰ ለእነዚህ ፊገሮች ተብሎ ተለክቶ በኢንተርኔት የሚሸጠውን ይዘዙ።

1. ፊገሩን ፎጣው ላይ በደረቱ ያስተኙ። የካቻቪቴው ጫፍ የብሎኑን መስቀል ሞልቶ መቀመጥ አለበት፤ ካነሰ መስቀሉን በልቶት ይቀራል። ወደ ታች ጫን እያሉ ቀስ ብለው ይፍቱ። ብሎኑን ወዲያው ክዳን ውስጥ ያኑሩ።

2. የጀርባውን ግማሽ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሱ። አሁን ጭንቅላቱና ሁለቱ ክንዶች በደረቱ ግማሽ ውስጥ ተኝተው ይታያሉ። ሳይነኩ በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ሲገጥሙ ይህ ፎቶ ነው የሚያድንዎት።

3. አሮጌውን ጎማ በወረንጦ ያውጡ። የአርባ ዓመት ጎማ ወይ ደርቆ ይፈረካከሳል፣ ወይ ቀልጦ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የተጣበቀውን በጥርስ ስቴኪኒ ይፋቁ፤ ቢላ አያስገቡ።

4. ሁለቱ እግሮች የሚያያዙት ቲ ቅርጽ ባላት የብረት መንጠቆ ነው። አዲሱን ጎማ በመንጠቆዋ ላይ ያንጠልጥሉ፣ ከዚያ ጎማውን በወገቡ ቀዳዳ ከታች ወደ ላይ አሳልፈው በወረንጦ ይሳቡት። እግሮቹ ወገቡ ሥር ቦታቸውን ይይዛሉ። የጫማዎቹ ጫፍ ወደ ፊት መሆኑን እዚህ ላይ ያረጋግጡ፤ ብሎኑ ከታሰረ በኋላ ነው ብዙ ሰው የሚያስተውለው።

5. ከወገቡ በላይ ብቅ ያለውን የጎማውን ክፍል ደረቱ ውስጥ ባለችው ምሰሶ ላይ ይጥለፉ። ጭንቅላቱና ክንዶቹ ከቦታቸው እንዳይወጡ በአውራ ጣት ደግፈው የጀርባውን ግማሽ ይመልሱ።

6. ብሎኑን መጀመሪያ በግራ በኩል ጥቂት ያዙሩት፤ ጠቅ ብሎ ወደ ቀድሞ ጥርሱ ሲወርድ ይሰማል። ከዚያ ወደ ቀኝ ያስሩ። እምቢ ማለት ሲጀምር ያቁሙና ክንዶቹን ያንቀሳቅሱ። ክንዱ ካልወደቀ በቂ ነው።

ስድስተኛዋ ደረጃ ላይ ያለችው የወደ ግራ ዙር ትንሽ ብትመስልም አትዝለሏት። ብሎኑ በፕላስቲኩ ውስጥ የራሱን ጥርስ ያወጣው ፋብሪካ ውስጥ ነው። በቀጥታ ወደ ቀኝ ከገፉት አዲስ ጥርስ ይቆርጣል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከሆነ ቀዳዳው ሰፍቶ ብሎኑ መያዝ ያቆማል።

ጎማውን ቀየርኩ፤ አሁን እግሮቹ አይንቀሳቀሱም።

ጎማው ጠቧል ወይም ወፍሯል። በግድ አያንቀሳቅሱት። ወገቡ ላይ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለችው ቁራጭ የዚህ ፊገር ደካማ ቦታ ናት፤ ጎማው ከመጠን በላይ ሲስባት ወይም እግሮቹ ተከፍተው ሲጠማዘዙ ተሰብራ ትወድቃለች። ፈትተው ሰፋ ያለ ጎማ ያስገቡ። ተቃራኒው ደግሞ፣ ጎማው ሰፊ ከሆነ ፊገሩ ይቆማል ግን ሲቀመጥ ወገቡ ከደረቱ ይለያያል። ትክክለኛው ጎማ እግሩን ወደ ፊት አንስተው ሲለቁት ባለበት የሚያቆየው ነው።

የተሰበረውን ወገብ ወይም ጣት በሱፐር ግሉ ልለጥፍ?

ጣትን ለመደርደሪያ ብቻ ከሆነ ይቻላል፤ በጥርስ ስቴኪኒ ጫፍ የተነከረች አንዲት ጠብታ። ከዚያ በኋላ እጁ ምንም ሊይዝ አይገባም። ወገብን ግን አይለጥፉ። ጎማው ሌት ተቀን የሚስበው እሱን ስለሆነ ማጣበቂያው አይችለውም፤ ደግሞም ፈሳሹ ሾልኮ መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል። ክርኑ የተሰነጠቀ ሌላ ርካሽ ዋይልድ ዊዝል ፈልገው ወገቡን መውሰድ ነው መፍትሔው።

እንዴት ላጽዳው?

በተፈታበት ጊዜ። ለብ ያለ ውሃ፣ አንዲት ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙናና ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል። ሳይፈቱ ውሃ ውስጥ ከዘፈቁት ውስጡ የቀረው ውሃ ብሎኑንና የቲ መንጠቆዋን ያዝገዋል፤ ዝገቱም ከሳምንታት በኋላ ጀርባው ላይ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። የክርንና የጉልበት ሪቬቶችም ብረት ስለሆኑ ወዲያው በጨርቅ አድርቀው አንድ ቀን ሙሉ ጥላ ውስጥ ያቆዩት።

አሴቶን፣ አኳራጅ፣ አልኮል አይጠጉት፤ ቀለሙን ያነሳሉ። የቢጫ ፕላስቲክ ለማንጣት የሚጠቀሙበት የሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ዘዴም ለእሱ አይሆንም፤ ያ ለነጭና ለቀላል ግራጫ ነው፣ ቀዩን ያደበዝዘዋል።

የተላጠውን ቀለም ልቀባው?

አይቅቡ። የፋብሪካው ቀለም ግማሹ እንኳ ቢቀር ከአዲስ ቅብ ይበልጣል፤ ከሸጡትም መቀባቱን መናገር ግዴታዎ ይሆናል። ቀለሙ ጨርሶ ከሄደና ለራስዎ ከሆነ የሚያስቀምጡት ውሳኔው የእርስዎ ነው።

ራትለሩን የግድ መግዛት አለብኝ?

የግድ አይደለም። ፊገሩ ብቻውን ከጀቱ እጅግ ይረክሳል፤ ቦታም አይፈጅም። ራትለር ትልቅ ነው፤ ሞተሮቹን የያዘው የክንፉ ክፍል ዞሮ ቀጥ ብሎ የሚነሳ እንዲመስል የተሠራ ነው፣ ከአብራሪው ኋላ ለተኳሽ የሚሆን መቀመጫም አለው፣ ክንፉ ሥር ቦምብና ሚሳኤል ይንጠለጠላል። ተነቃይ ክፍሉ ስለበዛ ሙሉውን ማግኘት ትዕግሥትና ገንዘብ ይጠይቃል። ከገዙ መጀመሪያ የኮክፒቱን መስታወት ይመልከቱ፤ ስንጥቅና ጭረት የማይድንበት እሱ ነው።

የራትለሩ ቅርጽ በ1988 ታይገር ራት በሚል ስም በነብር ቀለም ለጂ አይ ጆ ወገን ተሸጧል። የዚያኛው አብራሪ ከኤስ ጀት ጋር ስሙ አንድ የሆነ፣ ስካይስትራይከር የሚባል ሌላ ሰው ነው፤ ዋይልድ ዊዝል ከታይገር ራት ጋር አብሮ ቢሸጥልዎት በኋላ የተቀናጀ መሆኑን ይወቁ።

ሳጥኑ ላይ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ቢያገኙ አይደንግጡ። ልጆች ፋይል ካርዱንና በፖስታ ዕቃ የሚያዙበትን ነጥብ ቆርጠው ያወጡ ስለነበር ያልተቆረጠ ሳጥን ነው ብርቁ።

በአውሮፓ የምኖር ከሆነ በምን ስም ልፈልግ?

በእንግሊዝ አገር አሻንጉሊቶቹ የተሸጡት አክሽን ፎርስ በሚል ስም ነበር። ስለዚህ በጂ አይ ጆ ብቻ ከፈለጉ ብዙ ያመልጥዎታል፤ ሁለቱንም ስም ይሞክሩ። በአሜሪካ ላሉ ደግሞ የቤት ዕቃ ሽያጮችና የእሑድ ገበያዎች አሁንም ያዋጣሉ፤ ስሙ የማይታወቅ ቀይ ሰውዬ ሆኖ በድብልቅ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው እሱ ነው። አለመታወቁ ለገዢ የሚጠቅምበት አንዱ ቦታ ይህ ነው።

በሻንጣ ወይም በፖስታ ልልከው ነው። እንዴት ልጠቅልለው?

ቆሞ፣ እግሮቹ ቀጥ ብለው፣ ክንዶቹ ወደ ጎን ወርደው። ለብቻው በትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ። ኮክፒት ውስጥ አስቀምጠው በፍጹም አይላኩት፤ በመንገድ ሲንገጫገጭ የራስ ቁሩ መስታወቱን ከውስጥ ይጭረዋል፣ ቀለሙም ይላጣል። ዕቃው ከመውጣቱ በፊት ጎማው ያረጀ ከሆነ ይቀየር ወይም ጨርሶ ይውጣ፤ መንገድ ላይ ሲበጠስ እግሮቹ ተለያይተው የቲ መንጠቆዋ ልትጠፋ ትችላለች።

የት ላስቀምጠው?

ፀሐይ ከማይደርስበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች የመስኮት ፀሐይዋ ለቀይ ፕላስቲክ ክፉ ናት፤ ፊት ለፊቱ ደብዝዞ ጀርባው ደማቅ ሆኖ ይቀራል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ላላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ነው ጠላቱ፤ መኪና ውስጥ ወይም አየር ማቀዝቀዣ በሌለው ዕቃ ቤት የተተወ ፊገር ጎማው ይቀልጣል።

አቀማመጡን ከጠየቁን፣ ከኮክፒቱ ያውጡት። ጫማዎቹ ሥር ቀዳዳ ስላላቸው ለእነዚህ ፊገሮች በሚሸጡት መቆሚያዎች ላይ በትክክል ይቆማል። ራትለር ካለዎት የጀቱን መስኮት ክፍት አድርገው እሱን ከአፍንጫው ጎን፣ አንድ እጁ ወደ ጀቱ ዘንበል ብሎ፣ ፊቱ ወደ ተመልካች ያቁሙት። ከስቶርም ሻዶና ከፋየርፍላይ አጠገብ አያስቀምጡት፤ ዓይን ወደ ጦር መሣሪያቸው ይሄዳል። ኤስ ካለዎት ግን ፊት ለፊት ያቁሟቸው፣ በመካከላቸው አንድ እጅ የሚያህል ክፍት ቦታ ትተው።

ሽጉጥ ላስይዘው?

አውራ ጣቱን ከወደዱት ባዶ እጁን ይተዉት።